የሕፃናት አስለቃሿ ማ ቦክሱን

በየትኛውም የሥራ ቦታ፣ ምን እንደምትሠራ ማንም በውል የማያውቃት፣ ከቀረች ግን ሥራው ንቅንቅ የማይል አንዲት ሴት አለች። እናንተም ዘንድ አለች፤ ዞር ብላችሁ ፈልጓት። እኛ ዘንድ፣ ከሴኡል ወጣ ብሎ ባለው የድራማ መቅረጫ ግቢ፣ ይህች ሴት ክብርት ወይዘሮ ማ ቦክሱን ትባላለች። ሥራዋ ሕፃናት ተዋንያንን ማስለቀስ ነው። አይ፣ ተሳሳትኩ። ሥራዋ ሕፃናቱ እንዲያለቅሱ መርዳት ነው።

«ማስለቀስማ ማንም ይችላል፤ ቆንጠጥ ማድረግ ነው» ትላለች። ልዩነቱን ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አንተ ልጅ፣ ምሳ በልተሃል?»

እኔ ረዳት ዳይሬክተር ነኝ፤ ድርሻዬ ሰዓት መጠበቅና መጮህ ነው። ከወይዘሮዋ ጋር ብዙ ድራማ ሠርቻለሁ፤ ዘዴዋ ግን ዛሬም አልገባኝም። አንዱን ሕፃን መንጋጋው እስኪላቀቅ ታስዛጋዋለች። ሌላውን አጥሩን አስዙራ ታስሮጠዋለች። ለሦስተኛዋ ጫማዋ የጠፋባትን ዶሮ ቀልድ ትነግራታለች፤ እኛ ስንስቅ ልጅቷ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ሰኞ ዕለት «ለቅሶ የሚጀምረው ከአገጭ ነው» ብላ አስተማረችኝ። በማግስቱ ይህንኑ ለእንግዳ ሳስረዳ ሰምታ ጉድ አለች።

«የምን አገጭ? ለቅሶ ከሆድ ነው!»

«ትናንት እርስዎ ነዎት እኮ የነገሩኝ፣ ወይዘሮ።»

«ትናንት ሌላ ልጅ ነበር።»

የማይለዋወጡ ሕጎቿ ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛ፣ ልጅን ዋሽቶ ማስለቀስ የለም። በድሮ ጊዜ እናቶቹ ራሳቸው የልጃቸው ጆሮ ሥር ተለጥፈው «ልሞትብሽ ነው» እያሉ ያንሾካሹኩ ነበር፤ ዛሬ በቦክሱን ፊት እንዲህ ያለች እናት ወዮላት። ሁለተኛ፣ ቀረፃው ቆሞ «ካት!» እንደተባለ የልጆቹን ፊት በሁለት እጇ ይዛ በገዛ ስማቸው ትጠራቸዋለች። እኛ ልጆቹን ምሳ ላይ ሳይቀር በገጸ ባሕሪያቸው ስም ስለምንጠራቸው፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባንም ነበር። ሰዓት የሚበላ ነገር ነውና እኔም ከሐሜተኞቹ አንዱ ነበርኩ።

አሁን ወደ ዬሶል ልምጣ። ዬሶል የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ በድራማው ጆምሱን የምትባለውን የድሃ ልጅ ትጫወታለች። በዚያ ቀን የጆምሱን እናት ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ልትሄድ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ጆምሱን ታለቅሳለች። ሌላ ጊዜ የዬሶል እንባ እንደ ቧንቧ ነው። በዚያ ቀን ጠብ አልል አለ። አንዴ ቀረፅን፣ ደገምን፣ ሠለስን፤ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

ዳይሬክተር ፒዮ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ነው፤ ድሮም አልነበረውም። ሌላ ልጅ አስጠራና መኪና ውስጥ አስቀመጠ። ድራማው መተላለፍ አልጀመረም፤ የዬሶል ትዕይንቶችም ጥቂት ስለሆኑ መድገሙ አይከብደውም።

«ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ካላለቀሰች፣ ጆምሱን ያቺኛዋ ናት» አለ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ።

ዬሶል ወደ መኪናው ዞር አለች። እሷ የለበሰችውን የመሰለ የጆምሱን ቀሚስ ሌላ ልጅ ለብሳ አየች። ይህንን አይታም አላለቀሰችም።

ቦክሱን አስዛጋቻት፣ አስሮጠቻት፣ የዶሮዋንም ቀልድ አመጣች። ምንም የለም። በመጨረሻ ወገቧን ይዛ «ግራ ገባኝ እኮ» ስትል ሰማሁ፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት። እሷ ግራ ከገባት እኛማ አለቀልን። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች። ዬሶል በሹክሹክታ ጠየቀች።

«አሁን ባለቅስ... እማማ መንገዱ አይከብዳቸውም?»

«የትኛዋ እማማ?»

«የሞቱት።»

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ባለፈው ሳምንት የጆምሱንን አያት ቀብር ቀርፀናል። አንጋፋዋ ተዋናይት ቻ ሚዮንግጃ ናቸው አያቷ። የእውነት ፎቷቸውን ጥቁር ሪባን አስረንበት፣ በነጭ አበባ ከበን፣ ሁላችን ግንባራችን መሬት እስኪነካ ሰገድን። በርበሬ የበዛበት የለቅሶ ቤት የሥጋ ሾርባ በትልቅ ድስት ስለተሠራም ተሻምተን ጠጣነው። ዬሶል ከ«ካት» በኋላ ስታለቅስ ዕቃ አዘጋጁ አባባላት። ደግ ሰው ነው፤ እናቱ ድሮ ያለችውን ነው ያላት፦ «አታልቅሺ፣ ሙታን ሲያለቅሱላቸው እግራቸው ከብዶ መሄድ ያቅታቸዋል።» ከዚያ ወዲህ የሚዮንግጃ የትወና ድርሻ አልቋልና አንድም ቀን ብቅ አላሉም። ቦክሱን ደግሞ ለቀብሩ ቀረፃ አልተጠራችም፤ ጆምሱን እዚያ ላይ እንድታለቅስ አልተጻፈማ። ስለዚህ ከ«ካት» በኋላ ልጅቷን በገዛ ስሟ የጠራት ሰው አልነበረም።

ቦክሱን ስልኬን ከእጄ መንጭቃ በቪዲዮ ደወለች። ሚዮንግጃ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው፣ ፓስታ መሳይ ነገር እየሳቡ ብቅ አሉ።

«ማነው? እህሌን ልብላበት እንጂ! ውይ፣ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ነሽ?»

«እማማ... አልሞቱም?»

«ማን? እኔ? ጠላቴ ይሙት! ሰኞ ሌላ ድራማ እጀምራለሁ። አማት ሆኜልሽ፣ ምራቴን ፍዳዋን ላበላት!»

ዬሶል ተነፋረቀች። ሳምንት ሙሉ የተጠራቀመ ለቅሶ ነበር፤ ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ፣ ንፍጧ እየወረደ።

«ካሜራ!» ብሎ ጮኸ ፒዮ። «ያዛት! ያዛት! ወርቅ ነው ይሄ!»

ካሜራው ዞረ። ቦክሱን ብድግ ብላ የወፍራም ካፖርቷን ሁለት ክንፍ ዘረጋችና ፊቱ ተገተረች።

«ይሄ አይቀረፅም! ይሄ የልጅቷ የራሷ ነው!»

«ሴትዮ፣ ዞር በይ! ፀሐይዋ እየሄደች ነው!»

«ትሂድ! መንገዷን ታውቃለች!»

ካፖርቱ በግራ በኩል አልበቃም ነበር። ካሜራው በዚያ በኩል ሊሾልክ ሲል፣ አንድ ሰው ሄዶ ክፍተቱ ላይ ቆመ። እኔ ነኝ።

«አንተ ደግሞ እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለኝ ዳይሬክተሩ።

«አላውቅም፣ ዳይሬክተር» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

ልጅቷ አልቅሳ ወጣላት። ቦክሱን አፍንጫዋን ጠረገችላትና «የራስሽን ጨርሰሻል፣ ዬሶል። ጆምሱን ግን ገና አላለቀሰችም፤ እናቷ ደግሞ እየሄደች ነው» አለቻት።

ዬሶል አሰበች። «ጆምሱን አያቷም የሏትም፣ አይደል?»

«የሏትም።»

«ስታሳዝን» አለችና ሄዳ አውቶቡሱ አጠገብ ቆመች።

የመጨረሻዋ የፀሐይ ጨረር ላይ ጆምሱን አለቀሰች። ያኛውን ለቅሶና ይህንን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የቱ የእውነት ነው ብትሉኝ፣ እኔ እንጃ። ፒዮ «ካት» ማለቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። መኪና ውስጥ ያለችው ልጅ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ቀሚሱን ቀስ ብለው አውልቀው ወደ ቤቷ ወሰዷት።

ፒዮ የልጅቷን ሥራ ወደደ፤ የካፖርቱን ነገር ግን አልረሳም። «ያቺ ሴትዮ ነገ እዚህ ግቢ ድርሽ እንዳትል» አለኝ።

«እሺ፣ ዳይሬክተር» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በራሴ መኪና ከቤቷ አመጣኋት፤ መንገዱን ሙሉ አነዳዴን ስትሰድብ ነበር። ከትልልቆቹ መብራቶች ጀርባ ወንበር ሰጠኋትና ድምፅዋን እንዳታሰማ ለመንኳት። ዳይሬክተሩ አላያትም። ዬሶል ግን አየቻት።