የውሻው ክብር

አዋቂው፦ ነውር ነው አልኩህ! ይሄ ሰሌዳ በጠራራ ፀሐይ ስድብ ነው!

አናጢው፦ ኧረ ጋሼ፣ «ተናካሽ ውሻ አለ» ነው እኮ የሚለው። ማንን ሰደበ?

አዋቂው፦ ውሻውን ነዋ! የትኛው ዳኛ ፈርዶበት ነው ተናካሽ ብለህ በአደባባይ ስሙን የምታጠፋው?

(ጭቅጭቁ ከአናጢው ግቢ በር ውጭ ነው። አዋቂው የአናጢው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፣ እሱም አልተቃወመም። ባለፈው «አንድ ሻይ ጠጥቼ ልሂድ» ብሎ ገባና ክረምቱን ሙሉ ሶፋው ላይ ከረመ፤ የአናጢውን አነጋገር፣ አበላልና አተኛኘት ሲያርም። ሰሌዳው የተሰቀለው እሱ በወጣ ማግስት ነው። ዛሬ ደግሞ ሻንጣ ይዞ መጥቷል። ምስጢሩን ልንገራችሁ፦ ግቢው ውስጥ ውሻ የለም። ሰሌዳው ከወረደ ሶፋውም፣ የአናጢው እንቅልፍም አብረው ሄዱ ማለት ነው።)

አናጢው፦ እሺ፣ «ተናካሽ» ትውጣ። «ውሻ አለ» ብቻ ይሁን።

አዋቂው፦ ጭራሽ! ሰው ሲናደድ በምንድነው የሚሳደበው? በውሻ አይደል? የስድብ ቃል በር ላይ ይሰቀላል?

አናጢው፦ ታዲያ ውሻን ምን እንበለው?

አዋቂው፦ «ባለ አራት እግር የቤተሰብ አባል»።

አናጢው፦ ጋሼ፣ ጠረጴዛም አራት እግር አለው። እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት።

አዋቂው፦ እንግዲያው «የሚተነፍስ» ጨምርበት።

አናጢው፦ «የሚተነፍስ ባለ አራት እግር የቤተሰብ አባል አለ»። እሺ ይሁን።

አዋቂው፦ «አለ»? ስለ ሌላቸው ሰዎችስ አስበሃል? የሌለው ሰው «አለ» የሚል ሲያነብ ምን ይሰማዋል?

አናጢው፦ (ክው ብሎ) የሌለው? የሌለውማ... ምን ያደርጋል፣ ይችለዋል።

አዋቂው፦ ሥዕሉስ? ጥርሱን አግጥጦ! እዚህ ጋ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት አያልፉም? አፉን ዝጋው።

አናጢው፦ አፉ ከተዘጋ ያኮረፈ ይመስላል።

አዋቂው፦ ፈገግ ይበላ!

አናጢው፦ ፈገግ ካለ ጥርሱ ይታያል።

አዋቂው፦ በዓይኑ ፈገግ ይበል! ሁሉን ነገር እኔ ልንገርህ? ደግሞ እኮ ይሄን ውሻ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። እስቲ ይሰማ ድምፁ።

አናጢው፦ አሁን? ተኝቶ... ቆይ፣ ልቀስቅሰው።

(አናጢው በሩን ከኋላው ዘግቶ ገባ። ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ምስኪን በአራት እግሩ ሆኖ ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ቆርቆሮውን በጥፍሩ ቧጠጠ። ጉልበቱን አራግፎ፣ ላቡን ጠርጎ ወጣ።)

አናጢው፦ ሰሙት?

አዋቂው፦ ሰማሁት። ተቆጥቷል።

አናጢው፦ በጣም እንጂ! በተለይ ሻንጣ የያዘ ሰው አይወድም።

አዋቂው፦ በል እንግዲህ ሕጉን እንስማማ። አንድም ሰው ቢሆን በጽሑፍህ ከተከፋ፣ ጽሑፉ ይቀየራል። አዎ ወይስ አይደለም?

አናጢው፦ (መውጫ ያገኘ መስሎት) አዎ! ግን ማን ተከፋ? ስንቱ ያልፋል፣ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አንድ የተከፋ ሰው ያምጡልኝና በዚህ መዶሻ አሁኑኑ አወርደዋለሁ።

አዋቂው፦ እኔ ተከፍቻለሁ።

አናጢው፦ እርስዎ? በሞቴ፣ እርስዎ ከውሻ ጋር ምን አገናኘዎት?

አዋቂው፦ እሱን ነው የምጠይቅህ! በዕድሜዬ ብዙ ውሻ ሰምቻለሁ። ጮኾ ጮኾ ሲያበቃ «ወይኔ ጉሮሮዬ!» የሚል ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።

(አናጢው መሬት ብትከፈት በገባ ነበር። ሰውዬውን ሞኝ አድርጎ ሲስቅበት ከርሞ፣ ለካ ሞኙ በአራት እግሩ የሄደው ኖሯል።)

አዋቂው፦ ብቻዬን ነኝ እኮ። የማርመው ሰው ባጣ ከግድግዳ ጋር ነው የምውለው። «አትምጣ» ብትለኝ ምን ነበረበት?

አናጢው፦ እንዳይከፉብኝ ብዬ ነው ጋሼ።

አዋቂው፦ እከፋ ነበር።

አናጢው፦ ከዚያስ?

አዋቂው፦ ከዚያማ እመጣ ነበር።

አናጢው፦ (አንገቱን ደፍቶ) ይቅር ይበሉኝ። በቃ ይግቡ። ሰሌዳውንም ነቅዬ ልጣለው።

አዋቂው፦ ተው እንጂ! ደህና እንጨት ነው። ሻንጣዬን ያዝልኝና አንዲት ቃል ብቻ ቀይርለት።

አናጢው፦ «ተናካሽ» የሚለውን?

አዋቂው፦ የለም፣ እሱ ይቆይ። «ውሻ» በሚለው ፋንታ «አማች» በል። እኔ እንደሁ አልከፋም።