ውሃ የበዛበት ቦርዴ

ለአንድ ምላስ ሁለት ከባድ ሥራ መሰጠቱ ዘወትር ይገርመኛል። ቀማሿም እሷ፣ ተናጋሪዋም እሷ። ዓይን ሁለት፣ ጆሮ ሁለት፣ አፍንጫ እንኳ ሁለት ቀዳዳ ተፈቅዶለት ሳለ፣ ምላስ ብቻዋን እንደ ጂንካ ባጃጅ የሦስት ሰው ወንበር ላይ ስድስት ጭና ትሮጣለች። ታዲያ አንድ ቀን ብትገለበጥ ይፈረድባታል? የኔዋ የተገለበጠችው ለቅሶ ቤት ነው።

እኔ በሰፈራችን ሰው ሲያዝን የምጠራ ሰው ነኝ። ሰፈራችን ከጂንካ ጫፍ፣ አስፋልቱ ደክሞት የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው፤ ለማሳቅ ግን ሰርተፍኬት አይጠየቅም። በሬ አስቄ አውቃለሁ። ቀንበር እንደተሸከመ ቆሞ ሲስቅ ያዩ ሁለት ምስክሮች አሉኝ፤ አንደኛው ራሱ በሬው ነው።

የጓደኛዬ የማርቆስ እናት እማማ ሳራ ያረፉ ጊዜም ተጠርቼ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። እማማ ሳራ ዕድሜ ልካቸውን ቦርዴ ሸጠው የኖሩ ሴት ናቸው። ቦርዴ ለማታውቁት፣ ከበቆሎና ከማሽላ የሚጠመቅ፣ ወፈር ያለ፣ ግማሹ መጠጥ ግማሹ ምሳ የሆነ ነገር ነው። እኔና ማርቆስ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ የሳቸውን ቤት ቦርዴ የምንጠጣው ከአንድ ቅል ነበር፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀን፣ እኩል እየሳብን፣ ጠብታ ሳናፈስ። በኛ ዘንድ ሁለት ሰው እንዲህ ከጠጣ በመካከላቸው ቂም የለም ማለት ነው። የተጣላም የሚታረቀው እንዲሁ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ እኔን እንደ ቁንጫ ነው የሚበላኝ። «አይዟችሁ፣» አልኩ፣ «እማማ ሳራ አሁን ለመላእክት ቦርዴ እየቀዱ ነው። መዝሙሩ ይበላሻል ብላችሁ ግን አትስጉ፤ ውሃ ስለሚያበዙበት ማንም አይሰክርም!» ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሳል አስመስለው ሳቁ። ያልሳቀው አንድ ሰው ነበር። ማርቆስ ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ አየኝና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር አላናገረኝም። መንገድ ላይ ሲያየኝ መንገዱን ለኔ ትቶ የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። እናንተ ከጓደኛችሁ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ጠጥታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔን የቀኝ ጉንጬን ስድስት ወር ሙሉ በረደኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። አለቃቸው ጋሽ ኢሳያስ ጸሎተኛ ናቸው፤ ቦርዴ ከንፈራቸውን ነክቶ አያውቅም። ሄደው ተመለሱና የማርቆስን ቃል ነገሩኝ። «ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቦርዴ ይዞ ይምጣ ብሏል። ነገር ግን የእናቴ ቦርዴ ይሁን። የሷ ጣዕም ካልሆነ ቅሉን አልነካም፤ ዳግመኛም ሽማግሌ አትላኩብኝ ብሏል።»

«ሴትዮዋ እኮ ሞተዋል፣ ጋሽ ኢሳያስ፣» አልኳቸው።

«እሱንማ ስትቀልድባትም ታውቅ ነበር፣» አሉኝ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ተነሳሁ። ለጉዳዩ ክብር ስል የእህቴን ልጅ ኮት ተዋስኩ። ቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ የደረት ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ረስቶበታል። ያቺ እስክሪብቶ የምታመጣውን ማን አወቀ?

መጀመሪያ ከኔሪ ወንዝ ማዶ አንዲት ቦርዴ ሻጭ ቤት ገባሁ። ደጇ ላይ ጣሳ በእንጨት ሰክታለች፤ ቦርዴው ደርሷል ማለት ነው። ወጣቷ ባለቤት እንደ ወጉ መጀመሪያ ራሷ ጎንጨት ብላ ሰጠችኝ። ሳብኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እማማ ሳራን ፈለግኋቸው። የሉም። «ስኳር አድርገሽበታል?» አልኳት በሐዘን። ኮቴን አየች፣ እስክሪብቶዋን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ። «ጌታዬ፣ በማንኪያ ጫፍ ናት! ሁለተኛ አይለምደኝም!»

ቀጥሎ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ሄድኩ። ወሬ በባጃጅ ነው የሚሄደው፣ እኔ በእግሬ። ስደርስ የሁለተኛው ቦርዴ ቤት ባለቤት ቅሎቿን ሁሉ አጥባ አጥሩ ላይ ደርድራ፣ የራሷን ደጅ ጠርጋ ስትጨርስ የጎረቤቷንም ጠርጋ፣ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔ ስጠጣ ትንፋሿን ያዘች። ጎምዛዛ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። «ኧረ አለቃ፣ የፈቃዱን ማመልከቻ እኮ አስገብቻለሁ፣» ብላ ሁለተኛ ቅል ቀዳችልኝ። ጨዋ ሰው የተቀዳለትን ይመልሳል?

ሦስተኛው ቤት ስደርስ ጠጪዎቹ በጓሮ ወጥተው ሸሽተዋል፤ አንዳንዶቹ ሐመር ሳይደርሱ አልቆሙም ይባላል። ባዶ ቤት ውስጥ እንደ ሚኒስትር ብቻዬን ተቀምጬ ሦስት ቅል ቀመስኩ። የመጨረሻውን ስጨርስ ሁሉም ቦርዴ የእማማ ሳራ መሰለኝ። እጄን ያስታጠቡኝ ውሃም ጭምር።

ወጥቼ እግሬ እንደመራኝ ሄድኩና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ላይ ነው የደነገጥኩት። ለካ ችግሩ ከጠማቂዎቹ አልነበረም። የእማማ ሳራን ቦርዴ ጣዕም አላስታውሰውም። ያን ሁሉ ዘመን ስጠጣው እያወራሁ ነበር። ሴትየዋ ቀድተው በፊቴ ሲቆሙ እንኳ ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም፤ ቀልዴን ልጨርስ እቸኩላለሁ። ማርቆስን ላጣው መሆኔ ያኔ ገባኝ፤ እንባዬም መጣ።

«አንተ የውሸት ኢንስፔክተር! ና ግባ!»

ቀና ስል ለካ የተቀመጥኩት እማማ ሳራ ደጅ ነው። የጠሩኝ አጥር የሚለያቸው ጎረቤታቸው እማማ ወርቄ ናቸው። እሳቸው ደጅ ጣሳ ተሰቅሎ አያውቅም። ከጓዳ አንድ ቅል ይዘው መጡ፤ ቀመሱ፤ ሰጡኝ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ጠጣሁ። ያ የተረሳኝ ጣዕም ከነሴትየዋ ድምፅ ተመለሰ። እማማ ሳራ እዚያ ቅል ውስጥ ነበሩ።

«ውሃ የበዛበት ያልከው የኔን ነው፣» አሉኝ እማማ ወርቄ። «ሳራ ዓይኗ ከደከመ ጀምሮ የምጠምቀው እኔ ነበርኩ። በአጥሩ ቀዳዳ አቀብላታለሁ። ቤቷ እንዳይዘጋ፣ ስሟም እንዳይወርድ።»

«ታዲያ ውሃውን ለምን አበዛችሁት?» አልኩ፣ አፍሬ።

«ጠጪው ማን ነው? ከሰዓት ዳገቱን ወጥቶ ወደ ማሳው የሚመለስ ሰው ነው። ሰክሮ መጥረቢያውን እግሩ ላይ ይጣለው? ጠግቦ ይሂድ፣ ሰክሮ አይሂድ ያለችኝ እሷው ናት።»

አቀርቅሬ እግሬን አየሁ። አሥር ጣቶቼ ሙሉ ናቸው። ስንት ዓመት በዚያ ውሃ ስቄ፣ ስንት ዓመት በዚያ ውሃ በደህና ቤቴ ገባሁ?

«ለቅዳሜ ጠምቄ እሰጥሃለሁ፣» አሉ። «ስሜን ግን አታነሳም። ማርቆስ እናቱ ስትጠምቅ እንደሞተች ነው የሚያውቀው። መቃብር ውስጥ ሳለች ሙያዋን አትቀማት። ማልልኝ።» ማልኩላቸው። ለኔ ምስጢር ማስቀመጥ ማለት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፤ ግን ማልኩ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ባሉበት እኔና ማርቆስ ቅሉን ያዝን። ጉንጩ ጉንጬን ነካኝ። ሳብን። በሁለታችን ጉንጭ መካከል አንድ ትኩስ ነገር ወረደ፤ እንባ ነው፣ የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተለየም። ቅሉ ባዶ ሲሆን ማርቆስ አፉን ጠርጎ፣ «ማነው የጠመቀው?» አለኝ።

«እኔ፣» አልኩ።

በኛ አገር ወንድ ቦርዴ አይጠምቅም። ጋሽ ኢሳያስ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ያሁኑ ግን የእውነት ሳል ነበር። ማርቆስ ብቻ ፈገግ ሳይል፣ «እንግዲያው በየቅዳሜው ትጠምቅልኛለህ፣» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው በአጥሩ ቀዳዳ እቀበላለሁ፣ ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ ሰፈሩ ይስቃል። ስሜ «እትዬ ጠማቂ» ሆነ። ሌላውን ሳስቅ የኖርኩ ሰው ባላደረግሁት ሙያ ተሳቀብኝ፤ መመለስም አልቻልኩም። ይባስ ብለው ሴቶች ምክር ይጠይቁኝ ጀመር፤ ብቅሉን ስንት ቀን ታሳድረዋለህ ይሉኛል። እኔም ኮስተር ብዬ፣ «እንደ ብቅሉ ጠባይ ነው፣» እላለሁ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ባለፈው ክረምት እማማ ወርቄ አረፉ፤ ይህን ለማውራት የደፈርኩትም ለዚህ ነው። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ዝም አለ። ሰዉ እንደ ልማዱ ወደኔ ዞረ። አንዲት ቃል አልወጣኝም። ማርቆስ አጠገቤ ነበር። ቀስ ብሎ ተጠጋ፣ ጉንጩን ወደ ጉንጬ አስጠግቶ በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፤

«አይዞህ ወንድሜ። እንግዲህ ያንተን ቦርዴ ማን ይጠምቅልሃል?»