ከቅንጦት ግብር ነጻ የወጣው መደብ

የቅንጦት ግብር ጥቅሙ ሁለት ነው ብዬ አስተምራለሁ። ካለው ሰው ወስዶ ለጋራ ጉዳይ ያውላል፤ ለታይታ የሚወጣውንም ወጪ ትንሽ ያቅበዋል። ለፈተና ይህ ይበቃል። ሦስተኛውን ጥቅም መጽሐፉ አይነግራችሁም፤ የቀናን ሰው ያሳርፋል። ቅንጦት ምንድን ነው ብትሉኝ መንግሥት ሽቶ ይላል፣ መኪና ይላል። እኔ ሞላሌ ተቀምጬ የደረስኩበት ትርጉም አጠር ያለ ነው፤ ጎረቤት ኖሮት እኛ የሌለን ዕቃ።

ጎረቤቴ ሽፈራው የበግ ነጋዴ ነው። አምና ከደብረ ብርሃን ሶፋ አስጭኖ መጣ፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ክንዱ በወርቃማ ክር የተጠለፈ፣ እንዳይቆሽሽ ላስቲኩ ያልተነሣለት። የሚካኤል ማኅበራችን በየወሩ ቤት ለቤት ይዞራል። እሱ ዘንድ የደረሰ ለት ማኅበርተኛው ሁሉ ሶፋው ውስጥ ሰምጦ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቃተው። ቀጣዩ ተረኛ ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ቤት ያለው የጭቃ መደብና የበግ አጎዛ ነው።

ስለዚህ እዚያው ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ ስለ ቅንጦት ግብር ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁ። ከልማዳችን በላይ የሆነ ዕቃ ያለው ሰው አንድ ቁና ገብስ ለቆሎ ተማሪዎች ይስጥ አልኩ። ሁሉም ተስማማ። ሽፈራው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣

«ሁለት ቁና ይሁንብኝ» አለ።

ቄሱ ተነሥተው መረቁት። ማኅበርተኛው በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። ምርቃት በገብስ ከተገኘ ማን ይቀራል? ከቅዳሴ መልስ አንዱ ፔርሙሱን፣ ሌላው የፀሐይ መብራቱን ግብር ይጣልበት እያለ የማኅበሩን አለቃ ጋሽ አየለን ያስቸግር ጀመር።

የእኔ ተራ ደረሰ። ጋሽ አየለ ግድግዳውን፣ መደቡን፣ አጎዛውን በትዕግሥት ቃኙና፣

«መምህር ነጻ ነው» አሉ፣ በርኅራኄ።

ባለቤቴ ጌጤ ጠላ ለመቅዳት እንዳጎነበሰች ቀና አለች። «ጋሽ አየለ፣ እኛ ምን በደልን?»

«ልጄ፣ ቅንጦቱ ከሌለ ግብሩን ምን ላይ እንጣለው?»

 ሽፈራው ግን ጫማውን አውልቆ መደቡ ላይ ወጥቷል። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ የሱፍ ባናችንን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገ።

«እውነቱን ልናገር» አለ። «ያ ሶፋ ወገቤን ጨረሰው። ላስቲኩ ደግሞ በዚህ ብርድ በረዶ ነው። ቅንጦትስ ይሄ ነው።»

«ጋሽ አየለ፣ ሰምተዋል?» አልኩ ፈጠን ብዬ። ጌጤማ ቁናውን ይዛ ጓዳ ገብታለች።

ተመረቅን። ግብር ከፍዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሽፈራውንም ወንድሜ ነው ማለት ጀምሬ ነበር።

በሳምንቱ በደጁ ሳልፍ ጭቃ ያስቦካል። ሶፋው ፊት ለፊት መደብ ሊያሠራ ነው። ለሶፋው ሁለት፣ ለመደቡ አንድ፤ እንግዲህ ሦስት ቁና ሊከፍል ነው።

እኔም ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ጉዳይ አለኝ።