አንድ ሰው ለባሕር ዳር

የሚኒባሱን በር በገዛ እጄ ዘግቼ፣ ጣራውን ሁለቴ በመዳፌ መትቼ «ንዳው!» ብያለሁ። እናንተ የደረሳችሁት እዚህ ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል የቅቤ ቅላቸውን እንደ ሕፃን ያቀፉ ሽማግሌ ይታዩኛል። እጅ ነሱኝ፤ እኔም ነሳሁ። ሸጋ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቆዩ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ጎንደርና ባሕር ዳር ጎረቤታሞች ናቸው። ጎረቤታም ከተሞች ደግሞ እንደ ጣውንት ናቸው፤ አንዷ ፊት ሌላዋን ማመስገን አይቻልም። ቅዳሜና እሁድን የት ላሳልፍ የሚል ሰው በመጣ ቁጥር ጎንደሬው ግንቡን፣ አርባ አራቱን ታቦት፣ የቀሐን ጥምቀት ይደረድራል፤ ባሕር ዳሬው ጣናን፣ ዘንባባውን፣ ዓሣውን። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የጎረቤታቸውን ከተማ ግን የሚያውቋት በወሬ ነው። እኔንም ጨምራችሁ ቁጠሩ። ባሕር ዳር የሄድሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያየሁትም መናኸሪያዋን ነው። መናኸሪያዋ ሸጋ ናት።

ከሌላው ሰው የምለይበት ግን አንድ ሙያ አለኝ፤ ሁለቱንም ከተማ እኩል ማመስገን እችላለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ መናኸሪያ በር ላይ ስቆም ይዤ የመጣሁት ይችን ምላስ ብቻ ነበር። እንግዳ ከመኪና ሲወርድ የጎንደር ጠበቃ ነኝ። የባሕር ዳር ሚኒባስ ሊሞላ ሲል ደግሞ የባሕር ዳር ጠበቃ። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ የጎንደርን ዳገት ያየ ሰው ይህ አባባል የት እንደተወለደ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዝናሽ። ዝናሽ የዳባት ልጅ ናት፤ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ዘንድሮ ትጨርሳለች። እንዴት እንደተዋወቅን አልነግራችሁም፤ በምላሴ መሆኑ ግን ገብቷችኋል። አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ላክሁ። ለካ ከእኔ አንድ ሳምንት ቀድሞ ሌላም ልኮ ኖሯል፤ ባሕር ዳር ቢሮ የሚሠራ፣ ወንበርም ደመወዝም ያለው ልጅ። ዝናሽ እኔን አለች። አባቷ ግን «ልጄ የምትኖርበትን አገር በዓይኔ ሳላይ እሺ አልልም» አሉ። ወሩ ኅዳር ነው፤ አጨዳ ደርሷል። ገበሬ ከማጭዱ የሚላቀቀው በሁለቱ ሰንበት ብቻ ስለሆነ፣ ማየት የሚችሉት ከሁለቱ ከተማ አንዱን ነው። የሚያድሩበት ቤት ደግሞ ቅቤያቸውን የሚቀበለው ቤት ነው። ቅቤውን የተቀበለ፣ ጥር ላይ ልጅቱንም ይቀበላል።

«ሚካኤልን አክብሬ ቅዳሜ እነሳለሁ» አሉ፤ ወደ የትኛው እንደሚሄዱ አልተናገሩም። ሚካኤል ዓርብ ነበር። ዝናሽ «ቅዳሜ» አለችኝ፤ እኔም «እሺ፣ ቅዳሜ» አልሁ። ከዚያ በጮሌነቴ አሰላሁት። ኅዳር ሚካኤልን የሚያህል በዓል አክብሮ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መንገድ የሚወጣ ሰው የት አለ? የሚመጡት እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው ብዬ ደመደምሁ። ጃኬት የምዋሰውም፣ ቤቴን የማጸዳውም ለዚያ ቀን ሆነ። ሰኞ ጾመ ነቢያት እንደሚገባ፣ ቅቤ ይዞ በጾም የሚጠይቅ እንግዳ እንደሌለ፣ እንኳን የሰንበቴ ማኅበርተኛ፣ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኔ ረሳሁት።

ቅዳሜ ጧት የባሕር ዳሩን ሚኒባስ እየሞላሁ ነው። «አንድ ሰው! ባሕር ዳር አንድ ሰው!» ይህን የምለው ሰባት ሰው ሲጎድል ነበር፤ የዚያን ቀን ግን፣ በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እውነትም አንድ ሰው ነበር የጎደለው። በዳባት መንገድ፣ በወለቃ በኩል ከገባው መኪና ጋቢ የለበሱ፣ እጀታው በቀይ ክር የተጠመጠመ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ወረዱና ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ኮፍያዬን ትክ ብለው አዩት። ቢጫ ኮፍያ ነው፤ ከሩቅ ይታያል።

ሁለቱን ሰንበት የሚያሳልፉበት ከተማ እየመረጡ መሆኑን ነገሩኝ። ቀጥለውም «አንተ ልጅ፣ አገር ያየህ ትመስላለህ፤ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ሰው ቢኖርበት የሚሻለው የቱ ነው?» አሉኝ።

ለሁለት ቀን የሚሄድ ሰው ምነው ስለ መኖር ይጠይቃል ማለት ነበረብኝ። ተሳፋሪ ግን እኔ ዘንድ ስም የለውም፤ መድረሻ ብቻ ነው ያለው። ጀመርሁ። ጎንደር ምን አላት አያ፣ ድንጋይና ዳገት፤ ግንቡን እንደሆነ ከዚሁ አንጋጠው ያዩታል። ውሃው በተራ ነው፤ ወጣቱ ሥራ ፈትቶ ጥግ ጥጉን ይዟል። ይህን ስናገር ጥግ ይዤ ነበር። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት፣ ጉልበት አትጠይቅም፤ መንገዷ ጥላ፣ ውሃዋ ደጃፍ ላይ የተኛ፣ ወንዱ ሁሉ ሠራተኛ፣ ቃሉን አክባሪ። ስለ ቃል አክባሪነታቸው ምንም የማውቀው አልነበረም። ንግግሩ ስላማረልኝ ጨመርሁት።

ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። የት እንደተወለድሁ ጠየቁኝ። እዚሁ ጎንደር አልኋቸው፣ ያውም በኩራት። ቅሉን ተቀብዬ፣ ክንዳቸውን ደግፌ አሳፈርኋቸው። በሩን ዘጋሁ።

ሚኒባሱ ወደ አዘዞ ተሰውሮ አቧራው ሳይረጋ ዝናሽ ደወለች። «አባቴ ደረሰልህ ወይ?» አለችኝ። «ጋቢ ለብሷል፣ የቅቤ ቅል ይዟል፣ የጃንጥላው እጀታ ላይ እኔ ያሰርሁለት ቀይ ክር አለ።» ከዚህ በኋላ ያለውን ሩጫ አልተርክላችሁም። ሾፌሩ እየነዳ ስልክ አያነሳም፤ እንዳያነሳ የመከርሁትም እኔ ነኝ። የሆነውን ስነግራት ዝናሽ ለአባቷ የተናገርሁትን ቃል በቃል እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምሁላት። ስልኩን ዘጋችው።

እሁድ ከሰዓት እዚያው በር ላይ ቆሜ ከባሕር ዳር የሚገባውን መኪና ሁሉ ስቆጥር ሽማግሌው ወረዱ። ቅሉ የለም። በምትኩ ማንጎ የሞላበት ፌስታል ይዘዋል። የዳባቱ መኪና እስኪሞላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና አንድ ማንጎ ዘረጉልኝ። ከማን ቤት እንደመጣ ገብቶኛል፤ ቢሆንም የሽማግሌ እጅ አይመለስምና ተቀበልሁ።

ያኔ የሆዳቸውን አወጡት። ዝናሽ ምልክቴን ነግራቸው ኖሯል፤ መናኸሪያ በር፣ ቢጫ ኮፍያ፣ የማያርፍ አፍ። አውቀውኝ ነው የጠየቁኝ። ጎንደር ይደሩ ብላቸው ኖሮ ቅቤው የእኔ ነበር። የባሕር ዳሩን ልጅም ያንኑ ጥያቄ ጠይቀውታል፤ እሱም ያለ ማመንታት ባሕር ዳር ብሏቸዋል።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ተስማማችሁ» አሉ። «ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል። አንዱ ምስክር አንተ ነህ።»

መልስ አጥቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀንም አላጣሁም። አያ፣ አልኋቸው፣ ያ እኮ የሥራ ነው። መናኸሪያ በር ላይ የምከፍተው የሥራ አፌን ነው፤ የቤት አፌ ሌላ ነው። በቤት አፌ ቢጠይቁኝ ጎንደርን በምንም አልለውጣትም፤ ዝናሽንም እንዲሁ። ይህን ስል ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ለራሴም ተሰማኝ። የሥራው ድምፅ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

የዳባቱ ረዳት «አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። መልሱን እስኪሰሙ መኪናው ቢያመልጣቸውም ግድ የሌላቸው ይመስሉ ነበር።

«ለመሆኑ፣ ሽማግሌ የላክኸው በየትኛው አፍህ ነው?» አሉኝ።