ትንፋሽ የማያስገባ ሱፍ

ወንድ ልጅ ልኩን የማያውቅ ፍጡር ነው! አትቆጡ… ስለ ጠባይ አይደለም የማወራው፣ ስለ ወገብ ነው። እስቲ አንተ ይህን የምታነበው ወንድሜ፣ የአንገትህ ዙሪያ ስንት ነው? የእጅጌህ ርዝመትስ? አየህ! ያገርህን ኳስ ተጫዋቾች የማልያ ቁጥር ከነተቀያሪው ትጠራለህ፤ የራስህን ወገብ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ያወቅኸው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፋልህ ነው። አንቺ እህቴ ደግሞ አትሳቂ። ልኩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ብትነግሪው ግን አያምንሽም።

እኔ ራሴ እስከ አርባ ሁለት ዓመቴ ድረስ በልኬ የተሠራ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ እናቴ "ያድግበታል" እያለች ሁለት ቁጥር ጨምራ ትገዛልኝ ነበር። ካደግሁም በኋላ ልማዱ አለቀቀኝም። እንጅባራ ገበያ የሳልባጅ ክምር ውስጥ ገብቼ ያገኘሁትን ሰፊ ኮት "ይሁን፣ ይሆነኛል" ብዬ አነሳለሁ። እንግዲህ አስቡት… የሁለት ልጆች አባት፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ገና የሚያድግ! ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጅጌዬ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ያጠፋዋል። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ቀስ ብለው ያጥፉ፣ ገና አልጻፍነውም" ይሉኛል። እኔ እኮ አላጠፋሁም!

ባለቤቴ እናኑ ይህን ሁሉ ዓመት ታግሣ ታግሣ፣ አንድ ቀን ምን አለች መሰላችሁ?

"አንተ ልብስ አትለብስም፤ ልብስ ውስጥ ትኖራለህ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ማለትማ፣ ተከራይ ትመስላለህ።"

ነገሩ የጠነከረው ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን "ላገባ ነው" ሲል ነው። ልጅቷ ስለእናት ትባላለች፣ የዳንግላ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ተዋደው፣ አሁን ሽማግሌ ተልኮ አባቷ ሊጠየቁ ነው። ሽማግሌ ሆነን የተመረጥነው ሦስት ነን፦ ጥርባ የሚኖሩት አጎቴ አያ ቢያድግልኝ፣ ጎረቤታችን ቄስ ሞገስ፣ እና እኔ። በዚያ ላይ ተናጋሪው እኔ እንድሆን ተወሰነ።

"መምህር አይደለህ? አፍህ የለመደ ነው" አሉኝ አያ ቢያድግልኝ።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቄንጠኛ ሰውዬ አየሁ። "ወንድ ልጅ ብዙ ልብስ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ግን በልኩ የሆነ!" ይላል። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ሁለት ነጭ ሸሚዝ፣ ጥሩ ቡናማ ጫማ… በቃ። "የማይሆንህን ሁሉ ዛሬውኑ ከቤትህ አውጣ!" ብሎ ጣቱን ቀሰረብኝ። ደነገጥሁ። ቁም ሳጥኑን ከእናኑ ጋር ገለበጥነው። አንድ በአንድ ስንለካ በልኬ ሆኖ የተገኘው ክራቫት ብቻ ነበር።

ለትምህርት ቤት የምለብሳትን ክርኗ የተበሳ ሹራብና አንዲት ሱሪ አስቀርተን ሌላውን በማዳበሪያ ከተትነው። ለቅዳሜ ገበያ የመጡት አያ ቢያድግልኝ ፈረሳቸው ላይ ጭነው ይዘውት ሄዱ። እናኑ ፈረሱ ከዓይኗ እስኪሰወር ደጅ ቆማ ሸኘችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጋችን ቀን እንኳ አላየሁትም።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ጌታሁን ዘንድ ሄድሁ። ጌታሁን ቁጥብ ሰው ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከላይ እስከ ታች ካየህ ብዙ ነገር እንደታዘበብህ ይገባሃል።

"በልክ ይሁን ጌታሁን! አንዲት ጣት እንዳትተርፍ!" አልሁት እንደ ቄንጠኛው ሰውዬ።

ትከሻዬን ለካ፣ እጄን ለካ። ወገቤ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ጉድ ሆነ። ፊት ለፊቴ ትልቅ መስታወት አለ። ደጅ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤታችን ሁለት ሴት መምህራን ቀሚስ ሊያሰፉ ተራ ይጠብቃሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳላዘው ሆዴ በገዛ ፈቃዱ ወደ ውስጥ ገባ! ደረቴ ተነፋ፣ አንገቴ ረዘመ።

"መምህር፣ ይተንፍሱ እንጂ" አለ ጌታሁን።

"እየተነፈስሁ… ነው" አልሁት በቀረችኝ አየር።

ቀና ብሎ አየኝና ጻፈው።

ሐሙስ ይደርሳል የተባለው ሱፍ የደረሰው ቅዳሜ ማምሻውን ነው። ሽማግሌነቱ እሑድ! ስለካው ትከሻው ተዓምር ነው፣ እጅጌው አንጓዬ ላይ ቆመ፣ ሱሪው ጫማዬ ላይ ልክ እንደ ቄንጠኛው ሰውዬ አረፈ። መስታወቱ ውስጥ የቆመውን ሰውዬ ልተዋወቀው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሱሪውን ልቆልፍ ስል… ቁልፉ ወዲህ፣ ቀዳዳው ወዲያ።

"ጌታሁን፣ ጠበበኝ እኮ!"

ደብተሩን ገለጠ፣ ወገቤን አየ፣ ደብተሩን አየ።

"እኔ የለካሁት ሰውዬ ሌላ ነው።"

"እኔው ነኝ!"

"እንግዲያው ያንን ሰውዬ መልሰው ያምጡልኝ።"

ምን ላድርግ፣ አመጣሁት። አየሬን ሁሉ አስወጥቼ ሆዴን ወደ ጀርባዬ ላክሁት፤ ሱሪው ተቆለፈ። "ይኸው!" አለ ጌታሁን። "ትንሽ አታሰፋልኝም?" ብዬ ብለምነው "በምን? አንዲት ጣት እንዳትተርፍ ያሉኝ እርስዎ ነዎት" ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ተሳፈርን። እንደ ሳንቃ ቀጥ ብዬ ጀርባዬን ብቻ ወንበሩ ላይ አስደገፍሁ። ረዳቱ "ጋሼ፣ በደንብ ይቀመጡ፣ ሰው ይጠጋ" ቢለኝ በዓይኔ ለመንሁት። አያ ቢያድግልኝ ከጎኔ ናቸው… የለበሱት የእኔን ግራጫ ኮት! ስንት ዓመት እኔ ላይ እንደ ድንኳን ሲወዛወዝ የኖረው ኮት እሳቸው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጄኔራል አስመስሏቸዋል።

"አምሮብዎታል አያ" አልሁ አጠር አድርጌ፤ የሚረዝም ነገር ለመናገር አየር የለም።

"ለእኔ የተሰፋ እኮ ነው የሚመስለው!" አሉ፣ ኪሱን እየደባበሱ።

የስለእናት አባት አቶ መኮንን ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ቤቱን አሰማምረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀበሉን። በሽማግሌ ወግ መጀመሪያ ቆምን። እኔ ያን ሰዓት ወጋችንን እንደወደድሁት ወድጄው አላውቅም፤ እስከ ማታ ብንቆም ደስ ባለኝ! አቶ መኮንን ግን ደግ ሰው ሆኑና "አረፍ በሉ፣ ተቀምጠን እንነጋገር" አሉ።

ሶፋው ደግሞ ሶፋ እንዳይመስላችሁ… ጉድጓድ ነው! ስቀመጥ ወደ ታች ዋጠኝና ጉልበቴ አገጬ ሥር መጣ። ሆዴ ወደ ፊት እንዳይሄድ ሱሪው ይዞታል፣ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ሶፋው፤ የቀረው መንገድ ወደ ላይ ነበርና ሽቅብ ወደ ጉሮሮዬ መጣ። አያ ቢያድግልኝ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ተናገር ማለታቸው ነው።

"እኛ… የመጣነው…"

ሁሉም ጠበቀ።

"…ልጃችሁን… ስለእናትን…"

ቄስ ሞገስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እኔን የሚያግዙኝ መስሏቸው።

"…ለልጃችን… ለሙሉ… ለሙሉ…"

"ለሙሉቀን!" አሉ አያ ቢያድግልኝ ላብ እያጠመቃቸው።

እትዬ ዘውዴ ወደ ባለቤታቸው ጠጋ ብለው "ይኼ ሰውዬ ምን ሆኗል?" አሉ፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ። የአቶ መኮንን ዓይን በራ። ከጡረታ በኋላ እንዲህ ያለ በሽተኛ በእግሩ ቤታቸው መጥቶ አያውቅም! ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና የእጄን ትርታ ያዙ።

"ሳል አለህ?"

"የለኝም…"

"ሌሊት ያልብሃል?"

"አሁን ነው… የሚያልበኝ…"

"አባትህ በምን ሞቱ?"

"አልሞቱም… ጥርባ ናቸው… ድንች እያስቆፈሩ…"

እትዬ ዘውዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "በዘር የሚመጣ ይሆን? ልጁም እንደዚህ ያደርገው ይሆን?" አቶ መኮንን እጄን ቀስ ብለው ጭኔ ላይ መለሱልኝና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"እንግዲህ አባቶቼ፣ አንቸኩል። ልጁ መጀመሪያ ሳንባውን ይመርመርና ወረቀቱን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ከዚያ እንነጋገራለን።"

ሙሉቀን እንጅባራ ስልኩን ይዞ "እሺ አሉ" የሚለውን ቃል ይጠብቃል። የሦስት ዓመት ፍቅር በእኔ ሱሪ ቁልፍ ተቆልፎ ሊቀር! እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትሁ… ግን እንዴት ብዬ? አማች ሊሆኑ ካሰቡ ሰዎች ፊት "ይቅርታ፣ ስለካ ሆዴን ስቤ ነበር" ይባላል? አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ይኼኔ አያ ቢያድግልኝ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብለው በአገውኛ እንዲህ አሉኝ፦ "ይኼ ሱሪ ሊገድልህ ነው። በኮትህ ሸፈን አድርገህ ቁልፉን ፍታው። አይዞህ፣ እነዚህ አገውኛ አይሰሙም።"

አቶ መኮንን ከአያ ቢያድግልኝ በጠራ አገውኛ "ጥሊሊ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ" አሉ። "ይፍታው እንጂ፣ ምን ይጠብቃል!"

አያ ቢያድግልኝ ወደ ጣሪያው አዩ። ቄስ ሞገስ፣ አገውኛ የማይሰሙት፣ በሽታው ከባድ የሆነ መስሏቸው አማተቡ።

"ምን ተባባላችሁ?" አሉ እትዬ ዘውዴ።

አቶ መኮንን ቀጥ ብለው ተቀመጡና ምርመራ እንደጨረሰ ሰው "ሳንባው ደህና ነው፤ የታመመው ሱሪው ነው" አሉ።

መጀመሪያ ሳቅ የተሰማው ከጓዳ ነው፤ ስለእናት ናት። ሳቋን ሰምተው እናቷ ሳቁ፤ ከዚያ ማን ማንን ያስቁም? ቄስ ሞገስ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ዘግይተው ጀመሩና ከሁሉም በኋላ ነው ያቆሙት። እኔ ግን ለመሳቅም አየር ያስፈልጋል!

አቶ መኮንን ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡና አንድ ኮት ይዘው ወጡ። አረንጓዴ ይሁን ቡናማ ያልለየለት፣ ባለ ትልልቅ አራት ማዕዘን፣ ጉልበት ድረስ የሚወርድ ኮት ነው። "ይህን ደርብና ከሥሩ እንደፈለግህ ሁን" አሉኝ። መኝታ ቤቱ ገብቼ ቁልፉን ስፈታ ያወጣሁት ድምፅ ሳሎን ድረስ ተሰምቶ "ተመስገን!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ተመልሼ ቆምሁና "ልጃችሁን ስለእናትን ለልጃችን ለሙሉቀን እንድትሰጡን፣ እንደ ልጅ እንድትቆጥሩት፣ እኛም እንደ ልጃችን ልንይዛት፣ በእግዚአብሔር ስም ልንለምናችሁ ነው የመጣነው!" አልሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። አቶ መኮንን ራሳቸውን ነቀነቁ። "በአንድ ቀን እሺ ማለት ወጋችን አይደለም" አሉ። "ግን የሰውን ሱሪ ችግር ካወቁ ወዲያ ምን የቀረ ነገር አለ? እሺ ብለናል።"

ዶሮ ወጥ ቀረበ። ስንት ጊዜ እንደጨመርሁ አልነግራችሁም።

ስንወጣ ኮቱን ላወልቅ ብል አቶ መኮንን "ለብሰኸው ሂድ፣ በሌላ ጊዜ ትመልስልኛለህ። ግን አደራ፣ የምወደው ኮቴ ነው" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እትዬ ዘውዴ እስከ አስፋልቱ ሊሸኙን ወጡ። አያ ቢያድግልኝና ቄስ ሞገስ ቀደም ሲሉ እሳቸው እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉና እጅጌዬን ያዙኝ። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው እንደሆነ ዞር ብለው አዩ፤ ገብተዋል።

"ልጄ፣ ስለእናትን በደስታ ነው የሰጠናችሁ።"

"እግዚአብሔር ያክብርልኝ እትዬ።"

"እኔ ደግሞ በተራዬ አንድ ነገር ልለምንህ፣ በማርያም…"

"ይዘዙኝ እትዬ፣ የፈለጉትን!"

ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ።

"ይህን ኮት እንዳትመልሰው።"