ሳትበላ እንዳትወጋት

(ኢስታንቡል፣ ኡስኩዳር ዳገት ላይ ያለ አሮጌ ፎቅ ቤት። የጠዋት ፀሐይ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብታለች። ዚህኒ ጡረታ የወጣ የመርከብ ትኬት ቆራጭ ነው፤ አላውቅም የሚለው ነገር የለም። ጓደኛው ሳፌት ቀለም ቀቢ ነው፤ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ዚህኒን «አቢ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ይለዋል። ሱልጣን የምትባለው ወፍራም ቢጫ ድመት ጠረጴዛ ሥር ተጋድማለች። የሳፌት ሁለት እጅ ተቧጭሯል።)

ዚህኒ፦ አንድ ነገር ነው ያዘዝኩህ! አንድ ነገር ብቻ! ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣት አልኩህ!

ሳፌት፦ ሞከርኩ እኮ ዚህኒ አቢ። አልገባም አለች።

ዚህኒ፦ አልገባም አለች? ጣት የምታህል ነገር?

ሳፌት፦ (ጠረጴዛው ሥር እያየ) የማን ጣት?

ዚህኒ፦ በሩ ላይ፣ እንቁላሉ አጠገብ፣ ቀጥ አድርገህ አቁማት አላልኩህም?

ሳፌት፦ እንቁላሉ አጠገብማ ጭራዋን አስገብቼ ነበር። ሌላው አካሏ ተራው ሲደርስ ቧጨረችኝ። ሁለት እንቁላልም ተሰብሯል።

ዚህኒ፦ (የተቧጨረውን እጁን እያየ) ምኗን ነው ያስገባኸው?

ሳፌት፦ ጭራዋን።

ዚህኒ፦ ብልቃጧን ነው ያልኩህ አንተ ሰውዬ! የኢንሱሊኗን ብልቃጥ! ድመት ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ሳፌት፦ አላየሁም። እኔም ገርሞኝ ነበር። ግን ትናንት «ሱልጣን ስኳር አለባት» ስትለኝ፣ በሙቀት እንዳይቀልጥባት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ዚህኒ፦ አታስብ! ማሰቡን ለእኔ ተወው! ብልቃጧ የታለች?

ሳፌት፦ (ከኮት ኪሱ እያወጣ) ይቻትና። ድመቷን ልያዝ ብዬ ኪሴ ከተትኳት።

ዚህኒ፦ ስጠኝ… ቆይ፣ ቆይ! አትነቅንቃት! ከተነቀነቀች ትበላሻለች። ቀስ ብለህ በሁለት መዳፍህ መሐል አንከባላት።

(ሳፌት ብልቃጧን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ጎንበስ ብሎ ድመቷን ወለል ላይ ያንከባልላል። ድመቷ ደስ ብሏት ሆዷን ትሰጣለች።)

ዚህኒ፦ ምን እያደረግክ ነው?

ሳፌት፦ እያንከባለልኳት። እውነትም በመነቅነቅ አይሆንም፤ ከባድ ናት።

ዚህኒ፦ ብልቃጧን!

ሳፌት፦ አቢ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ከአሁን በኋላ መጀመሪያ ስሟን ጥራልኝ። አንተ ሁሉንም «እሷ» ትላለህ፤ እዚህ ቤት ደግሞ ሁለት እሷ አለች።

ዚህኒ፦ ለሚገባው ሰው አንድም ይበቃዋል። (ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንቁላል ይልጣል፤ በከባዱ ይተነፍሳል።) አሁን ዝም በልና ልጨርስ።

ሳፌት፦ ምን እየጨረስክ ነው? ይሄ ሁሉ አይብ፣ ወይራ፣ ሲሚት ዳቦ ለማን ነው? እንግዳ አለብህ?

ዚህኒ፦ ለራሴ ነው። አራተኛ እንቁላሌ ነው። (ያገሳል) የሐኪም ትእዛዝ ነው እንጂ እኔማ ልፈነዳ ነው።

ሳፌት፦ አንተም ታመምክ እንዴ?

ዚህኒ፦ የሱልጣን ሐኪም የውትድርና ጓደኛዬ ነው፤ ያውቀኛል። በር ድረስ ሸኝቶኝ ትከሻዬን ይዞ ምን አለኝ መሰለህ? «ዚህኒ፣ ሁሉንም ብትረሳ አንዷን እንዳትረሳ፤ ሳትበላ እንዳትወጋት!» አለኝ። እኔ ደግሞ ትእዛዝ አከብራለሁ። ከማለዳ ጀምሬ እየበላሁ ነው።

ሳፌት፦ (ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር እያየ) እሷስ በልታለች?

ዚህኒ፦ ማን?

ሳፌት፦ ሱልጣን። ስሟን ጠርቻለሁ።

ዚህኒ፦ እሷን ምን አገባት? ስኳር ያለበት ሰው መብላት ማቆም ነው ያለበት። ሳህኗን ከትናንት ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ሳፌት፦ እኔ ደደብ ነኝ፤ አውቃለሁ። ግን አቢ፣ «ሳትበላ» ያለው ምናልባት እሷን ቢሆንስ?

ዚህኒ፦ እሷን ቢሆንማ ለእሷ ይነግራት ነበር! እዚያው ነበረች እኮ፤ ዓይን ዓይኑን እያየችው!

ሳፌት፦ እሱስ ልክ ነህ።

ዚህኒ፦ ሁሌም ልክ ነኝ።

ሳፌት፦ ሳይበላ ቢወጋ ግን ምን ይመጣል?

ዚህኒ፦ ወረቀቱ ላይ በደንብ ተጽፏል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መንገዳገድ፣ ከዚያ መውደቅ። ካልታገዘም ሞት አለ።

ሳፌት፦ ያ ሁሉ በማን ላይ ነው የሚመጣው?

ዚህኒ፦ በሚወጋው ሰው ነዋ! አራት እንቁላል በቀልድ የበላሁ መሰለህ?

(ሳፌት ራሱን ያክካል። ጎንበስ ብሎ ድመቷን ያያታል።)

ሳፌት፦ አቢ፣ ተናደህ እንዳትቆጣኝ እንጂ ዛሬ ባትወጋትስ? ሐኪሙን ደግመን ብንጠይቀው?

ዚህኒ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አይሆንም። ዛሬ ካልጀመርክ ትደክማለች ብሎኛል። ሳፌት፣ አንተ ቤት ሚስት አለች፣ ልጆች አሉ። እኔ እህቴ አግብታ ኢዝሚር ከተማ ከገባች ወዲህ ጠዋት «ተነስ» የሚለኝ ፍጡር እሷ ብቻ ናት። ፊቴ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትቀሰቅሰኝ። አፍንጫዬ ይደፈናል፣ ግን እነሳለሁ። እሷ ከሞተችብኝ ለምን እነሳለሁ?

ሳፌት፦ እሺ። እሺ አቢ። ምን ላድርግ?

ዚህኒ፦ (ዓይኑን በመዳፉ ጠራርጎ፣ እንደገና ቆፍጠን ብሎ) ያዛት። ድመቷን! እኔ መድኃኒቱን ልሳብ። ሁለት ዩኒት ነው የታዘዘው።

ሳፌት፦ (ድመቷን አቅፎ፣ ሲሪንጁን እያየ) ይሄ የሳብከው ሃያ አይደል?

ዚህኒ፦ ሁለት ነው።

ሳፌት፦ ሁለት፣ ከጎኑ ደግሞ ዜሮ።

ዚህኒ፦ ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው?

ሳፌት፦ ምንም።

ዚህኒ፦ ታዲያ? ሁለትና ምንም ስንት ነው?

ሳፌት፦ ሁለት… (ያስባል) መርከብ ላይ እያለህ «ሃያ ሰው አሳፍር» ሲሉህ ሁለት ሰው ነበር የምታሳፍረው?

ዚህኒ፦ ያ ሰው ነው፣ ይሄ ኢንሱሊን ነው! አታደባልቅ!

ሳፌት፦ እነዚህ ትንንሾቹ መስመሮችስ ምንድን ናቸው? አንድ፣ ሁለት ብሎ ለመቁጠር አይሆኑም?

ዚህኒ፦ ጌጥ ናቸው። ፋብሪካው ለማሳመር ያደረጋቸው ነው። እግሯን አጥብቀህ ያዝልኝ።

ሳፌት፦ የትኛውን? የተላጨውን?

ዚህኒ፦ አዎ፣ ግራውን። ሐኪሙ ደም ሲቀዳላት ነው የላጨው።

ሳፌት፦ ቀኙም ተላጭቷል እኮ።

ዚህኒ፦ እሱንም አይቼዋለሁ።

ሳፌት፦ ሐኪሙ ሁለቱንም ላጫት?

ዚህኒ፦ እሱ ግራውን ብቻ ነው። ቀኙ ስንሄድም ተላጭቶ ነበር። ሐኪሙ ራሱ «ይሄን ማን ላጨው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ሳፌት፦ ምን አልከው?

ዚህኒ፦ አስረዳሁት። ድመት አስተዋይ እንስሳ ናት፤ አንዱ እግሯ ሊላጭ መሆኑን አውቃ፣ ሚዛኗ እንዳይዛባ ሌላኛውን ራሷ ልሳ ልሳ አራግፋዋለች።

ሳፌት፦ እሱስ ምን አለ?

ዚህኒ፦ ቁጭ አለ። ውሃ ጠጣ።

ሳፌት፦ (ድመቷን አሸተት አድርጎ) አቢ፣ ከትናንት ጀምሮ ካልበላች አፏ ለምን ጉበት ጉበት ይላል?

ዚህኒ፦ የበሽታው ሽታ ነው።

ሳፌት፦ የተጠበሰ ጉበት። በቅቤ።

ዚህኒ፦ በሽታው ገፍቷል ማለት ነዋ!

(ከታች፣ በክፍቱ መስኮት በኩል የሴት ድምፅ ይሰማል፦ «ባዴም! ባዴሜ! የት ገባሽ?» ድመቷ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ከሳፌት እቅፍ ለመውረድ ትፈራገጣለች።)

ሳፌት፦ ይቺ ማን ናት?

ዚህኒ፦ የታችኛዋ ሙርቬት ናት። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ትጮኻለች። ባሏን ነው የምትጠራው።

ሳፌት፦ ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው እኮ ነው።

ዚህኒ፦ ለዚህ ነዋ የማይመልስላት! አሁን ድመቷን አጥብቀህ ያዛት።

ሳፌት፦ አንድ ጊዜ አቢ። አንድ ጊዜ ብቻ። (ድመቷን እንዳቀፈ ወደ መስኮቱ ሄዶ አንገቱን ያወጣል።) ሙርቬት አብላ፣ እትዬ፣ እንደምን አደሩ! ሳፌት ነኝ… ደህና፣ ይመስገን… ማንን ነው የሚጠሩት?… ድመት? የእርስዎ?… ምን ዓይነት ናት?… ቢጫ… እሺ… ወፍራም… እሺ… እግሯ የተላጨ? የትኛው እግር?… (ወደ ኋላ ዞሮ) ቀኙ የእሳቸው ነው አቢ።

ዚህኒ፦ ምን ቀኙ የእሳቸው ነው! ድመት በእግር ይከፋፈላል እንዴ?

ሳፌት፦ (ወደ ታች) ለምን ተላጨች ታዲያ?… ስኳር?… መቼ ነው የወሰዷት?… ማክሰኞ… እና መርፌ ጀምረውላታል?… ዛሬስ?… ስንት ሰዓት ላይ?… ወደዚህ ከመውጣቷ በፊት?… ስንት ሰጧት?… ሁለት ትንንሽ መስመር… መጀመሪያ ግን ጉበት በልታ… አዎ፣ አዎ፣ ሳትበላ አይወጋም…

ዚህኒ፦ (ሲሪንጁን ብርሃን ላይ ይዞ፣ ሳይሰማው) ትንሽ አየር ገብቶባታል፤ ለጥንቃቄ ወደ ሠላሳ ከፍ ላደርጋት ነው። ሦስትና ምንም።

ሳፌት፦ (ዞር ብሎ) ዚህኒ አቢ። መርፌውን አስቀምጠው።

ዚህኒ፦ ቆይ፣ ዜሮውን…

ሳፌት፦ (እየጮኸ) አስቀምጠው አልኩህ!

(ዚህኒ ደንግጦ ሲሪንጁን አይቡ ላይ ይጥለዋል። ሳፌት በሃያ ዓመት ጓደኝነታቸው ጮኾበት አያውቅም።)

ዚህኒ፦ ምን ሆንክ?

ሳፌት፦ ተወግታለች። ዛሬ ጠዋት፣ እኔና አንተ ስለ ፍሪጅ ከመጨቃጨቃችን በፊት። ሙርቬት አብላ ባዴም ይሏታል፤ እሳቸው ቤት ትበላለች፣ እሳቸው ቤት ትወጋለች፣ ከዚያ በደረጃው ወጥታ እዚህ ትተኛለች። አንተ ሃያውንም ሠላሳውንም ጨምረህባት ቢሆን… ወረቀቱን አንተ ነህ ያነበብከው።

ዚህኒ፦ (ቀስ ብሎ ይቀመጣል) መንቀጥቀጥ… መንገዳገድ…

ሳፌት፦ በሚወጋው ሰው ላይ አይደለም አቢ።

ዚህኒ፦ በእጄ ልገድላት ነበር?

ሳፌት፦ አልገደልካትም። ይኸው፣ ፍጹም ጤነኛ ናት። እንካ፣ ያዛት።

(ድመቷን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥለታል። ዚህኒ አንገቷን ሲያሻሽ ሳፌት ወደ መስኮቱ ተመልሶ ከሙርቬት ጋር ጥቂት ተነጋግሮ ይመጣል። ድመቷ ታንኮራፋለች።)

ዚህኒ፦ ታዲያ የማን ናት? የእኔ ናት የእሷ?

ሳፌት፦ እሳቸውም እሱኑ ጠየቁኝ። «ላይ ያለው ሰውዬ ድመቴን ይወዳታል?» አሉኝ። «ትቀሰቅሰዋለች፣ ያለሷ አይነሳም» አልኳቸው። «እንግዲያው ለሁለታችንም ትበቃለች፤ ግማሽ ግማሽ እናድርጋት» አሉ።

ዚህኒ፦ (ፊቱ እየበራ) እንዲህ አሉ?

ሳፌት፦ እንዲያውም ቅዳሜ ቡርሳ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ለአንድ ሳምንት ይሄዳሉ። መርፌውን ማን እንደሚሰጣት ጨንቋቸዋል።

ዚህኒ፦ (ከድመቷ ጋር ብድግ ብሎ) ምን ያስጨንቃቸዋል! እኔ እያለሁ! በዚህ ዳገት ላይ ይሄን ሕክምና ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም! ጥራቸውና ንገራቸው!

ሳፌት፦ ነገርኳቸው። «እኔ እወጋታለሁ» አልኳቸው።

ዚህኒ፦ አንተ?! እኔስ? እኔን ምን አልካቸው?

ሳፌት፦ እሳቸውም «አቶ ዚህኒስ?» ብለው ጠየቁ። «እሱም ያግዘኛል፤ እኔ ስወጋት እሱ ያስረዳታል» አልኳቸው።