ብንጠፋፋ ክሬኑ ስር

«የት ነሽ?» የሚባል ጥያቄ አለ። ቀላል ጥያቄ ነው፣ ሰው ሁሉ ይመልሰዋል። እኔ ግን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ እስከ ዛሬ በትክክል መልሼው አላውቅም።

ባሌ ሰይድ ከከተማው ጫፍ ኦቤትስ፣ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። በእረፍት ሰዓቱ ኮል ያደርግልኛል። «የት ነሽ?» ይለኛል። «ፍራሽ መሸጫው ጋ» እለዋለሁ። «ኧረ እሱ እኮ ድሮ ፈርሷል» ይላል። «አውቃለሁ፣ የፈረሰበት ቦታ ጋ ነኝ» እለዋለሁ። ከዚህ በላይ ግልጽ አድራሻ አለ እንዴ?

እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር ቦታ የሚታወቀው በምልክት ነው። ዛፉ ጋ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ቧንቧው ጋ። ዛፉ ቢቆረጥም ስሙ አይቆረጥም። አዲስ አበባ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ። ባቡሩን ያየው ማነው? ግን ባቡሩ ስለሌለ መንገድ የጠፋበት ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። ስንመጣ ባዶ ፓርኪንግ የነበረው ሁሉ ዛሬ ፎቅ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢማ አይወራ። ተማሪው ለእረፍት ቤተሰቦቹ ጋ ደርሶ ሲመለስ ሰፈሩ ይጠፋዋል አሉ። ዳውንታውን፣ መሐል ከተማው፣ ደግሞ በራቸው በጣውላ የተመታ አሮጌ ቤቶች ነበሩ። አሁን ከታች ቡና መሸጫ፣ ከላይ አፓርትመንት ሆነዋል። እኔ ልማት አልጠላም። መብራቱ፣ ንጹሕ መንገዱ፣ ለሕፃን ጋሪ የሚመች ጠርዙ ደስ ይለኛል። ግን ሁሉንም ግራጫ የሚቀቡት ለምንድነው? ግራጫ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ላይ ግራጫ። መንታ እንኳ ቢሆን እናቱ ትለየዋለች። እነዚህን ግን የሠራቸው ሰውዬ ራሱ የሚለያቸው አይመስለኝም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሙ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሰፈራችን ዋይትሆል ከሁላችንም በፊት የገቡ እሳቸው ስለሆኑ ለአዲስ መጪ መንገድ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ በዲቪ ለመጣ ልጅ በስልክ «አውቶብሱ ውስጥ ቁጭ በል፣ ሮዝ ግንብ ስታይ ውረድ» አሉት። ግንቡ ለካ በዚያው ሰሞን ግራጫ ተቀብቷል። ልጁ ሮዝ ሲፈልግ፣ ሮዝ ሲፈልግ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ደረሰ። ወደ መጣበት ሊመለስ ምንም አልቀረውም። እትዬ ዘሙ ግን ጥፋቱን አልተቀበሉም። «ታዲያ እኔ ነኝ የቀባሁት?» አሉ።

ሰይድ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ የመንገዱን ስም አንብቢ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን እኔ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ነው የማነበው። ስሙን ለቅሜ ስጨርስ አውቶብሱ አልፎታል። ስለዚህ የማውቀው ያለሁበትን ሳይሆን ቅድም የነበርኩበትን ነው።

ለራሴ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የሚያስጨንቀኝ የልጄ ነገር ነው። ሀያት ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ያየውን እግሯ ይከተላል። እኔ ደግሞ ገና ከቤት ሳንወጣ መጥፋቷ ይታየኛል። ምን ለብሳ እንደጠፋች ለፖሊስ እንድነግር ጠዋት ልብሷን ደጋግሜ አያለሁ። ሰይድ «አንቺ ልጅሽ ሳትጠፋ ነው ፍለጋ የምትጀምሪው» ብሎ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እናት ያልሆነ ሰው ምን ያውቃል?

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔም ተጨንቄ ተጨንቄ አንድ ክሬን መረጥኩ። ዳውንታውን መሐል ፎቅ የሚሠራበት ቢጫ ክሬን ነው። ከአውቶብሱ መስኮት ይታያል፣ ከወንዙ ዳር ይታያል፣ ከየትም ይታያል። ማንበብ አይጠይቅም። ግራጫ አይደለም። አላህ ለኔ ብሎ ያቆመው መሰለኝ። ሀያትን ፊቴ አቆምኳትና «ብንጠፋፋ ቢጫው ክሬን ስር ቁሚ፣ እኔም እዚያው እመጣለሁ» አልኳት። «ኦኬ ማሚ» አለች። ልጅ ኦኬ ካለ የተስማማ ይመስላችኋል? እኔም መስሎኝ ነበር።

እኛ አገር የሚወራለት አንድ ሞኝ አለ። ማረሻውን ሜዳ ላይ ቀብሮ ምልክት ያደረገው ከላዩ የነበረውን ደመና ነው አሉ። በማግስቱ ደመናውን ሲፈልግ ዋለ። ልጅ ሆኜ ይህንን ስሰማ በሳቅ እሞት ነበር። ክሬንም ከደመና ብዙ እንደማይሻል ማን ነግሮኝ?

ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ነው። ወንዙ ዳር አዲስ መናፈሻ ተከፈተ ተባለ። ውሃ ከመሬት እየፈነጠቀ ልጆች የሚጫወቱበት ነው። ደግሞ ነጻ ነው። ነጻ ከተባለ እትዬ ዘሙ አይቀሩም። ትንሹን ልጄን በጋሪ፣ ሀያትን በእጄ፣ እትዬ ዘሙን ከኋላ አስከትዬ በአውቶብስ ሄድን። እትዬ ዘሙ አግዳሚ ወንበር መርጠው ተቀመጡና «ይሄ ሁሉ ውሃ ለጨዋታ!» እያሉ ይገረማሉ። ሀያት እየሮጠች ትበሰብሳለች። እኔ አንድ ዓይኔ እሷ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ክሬኑ ላይ ነው።

ሕፃኑ ጡጦውን ጣለ። ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ሀያት የለችም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ስሟን ጠርቼ ጮህኩ። በዚያ ሁሉ ውሃና ጫጫታ ማን ይሰማኛል? እትዬ ዘሙ «አንቺ ልጅ ቆዪ እንጂ፣ እዚሁ ትሆናለች» አሉኝ። እኔ ግን ከልጄ ጋር ውል አለኝ። ክሬኑ ስር ነው የተባባልነው። የስድስት ዓመት ልጅ እዚያ ብቻዋን ቆማ እየጠበቀችኝ እኔ እዚህ እቆያለሁ? ጋሪውን ለሳቸው ትቼ ሮጥኩ።

አሁን ከኔ ተማሩ። ከሩቅ አንድ የሆነ ክሬን ቀረብ ሲሉት ሁለት ነው። አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፎ ኖሯል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ክንዳቸውን ምልክት አድርጌ ልሮጥ ስል ደግሞ ይዞራሉ። ሌላም ነገር አለ። ክሬን ስር መቆም አይቻልም! ይሄን እስከዚያች ቀን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። ዙሪያውን አጥር ነው። አጥሩ ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ፣ አንዱም «ግቡ» የሚል አይመስልም። በእግረኛው መንገድ ልዙር ስል ተዘግቷል፣ በዚያ ሂጂ የሚል ቀስት አለ። ቀስቱን ስከተል ሌላ ቀስት ይጠብቀኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንዱ ነጠላ ጫማዬ አዲስ የፈሰሰ አስፋልት ላይ ተጣብቆ ቀረ። ልለቅመው አልቆምኩም።

መኪና የምታስቆም ሴት ነበረች። ብርቱካን ሰደርያ ለብሳ ስቶፕ የሚል ምልክት በዘንግ ይዛለች። መኪናውን ትታ እኔን አስቆመችኝ። ያለችኝ እንግሊዝኛ በሙሉ ከድታኝ «ማይ ዶተር! ክሬን! ማይ ዶተር!» አልኳት፣ በጣቴ ወደ ላይ እያሳየሁ።

ሴትየዋ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ልጄ ክሬኑ ላይ የወጣች መስሏታል!

ሬዲዮዋን አንስታ ጮኸች። ያ ተራራ የሚያህል ብረት ቀጥ አለ። ከኋላው ያለውም ቀጥ አለ። የሲሚንቶ መኪናው ቆመ። ቆብ ያጠለቀው ሠራተኛ ሁሉ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቀለ። እኔም ይሄ ሁሉ ሰው ወደ ላይ ሲያይ ጊዜ ልጄ በእውነት እላይ ያለች መሰለኝና አብሬያቸው እያየሁ ማልቀስ ጀመርኩ።

ሀያት ታዲያ የት ነበረች? የትም። ባልዲ የያዘች ልጅ ተከትላ ከውሃው ማዶ ዞር ብላ ነበር። ስትመለስ እትዬ ዘሙ አሉ፣ ወንድሟ አለ፣ ጋሪው አለ፣ የሌለሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ደግሞ «ከጠፋችሁ ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጠርታችሁ ንገሩ» ብለው አስተምረዋታል። እዚያው ቆማ የመናፈሻውን ሴኩሪቲ በእጇ ጠራችና «ማይ ማም ኢዝ ሎስት» አለችው። ምን ትመስላለች ሲላት ሰማያዊ ሂጃብ አድርጋለች፣ እያለቀሰችም ይሆናል ብላ መለሰች። ስልክ ቁጥሬን በቃሏ ሰጠችው። ይሄን ሁሉ እትዬ ዘሙ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። «እኔ አሮጊቷ ደንግጬ ዱዓ ላይ ነኝ፣ እሷ እንደ ሹም ቆማ ታዛለች» አሉኝ።

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ማሚ፣ ዌር አር ዩ?»

«ሀያቴ! አንቺ የት ነሽ?» አልኳት።

«አይ አም ሂር!» አለች ተቆጥታ። «ዩ አር ሎስት!»

ዙሪያዬን አየሁ። ግራጫ ፎቅ። አጥር። ሌላ ግራጫ ፎቅ። «ክሬኑ ጋ ነኝ» አልኳት።

«ዊች ዋን?» አለችኝ።

ባለ ሰደርያዋ ሴትዮ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ያለንበትን የመንገድ ስም ለሴኩሪቲው ነገረችው። ለኔም ነገረችኝ። በዚያ ሰዓት ስም ጭንቅላቴ ውስጥ ሊቆይ?

ትንሽ ቆይቶ የመናፈሻው ትንሽዬ መኪና መጣች። ከፊት እትዬ ዘሙ ሕፃኑን ታቅፈው እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። ከኋላ ሀያት የታጠፈውን ጋሪ ይዛለች። ወርዳ አቀፈችኝ። እርጥብ ናት። እኔም ከእንባዬ የተነሳ ከእሷ አልሻልም። ባለ ሰደርያዋ ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ ግንባሯን ያዘች፣ ቀጥሎ በሳቅ ፈረሰች። በሬዲዮ ነገረቻቸው። ክሬኑ ላይ ያለው ሰውዬ ጥሩምባ ነፋልንና ሥራው ቀጠለ። እትዬ ዘሙ አንዱን ባዶ እግሬን ቁልቁል አይተው «አልሐምዱሊላህ፣ በኛ ጊዜ የሚጠፋው ልጅ ነበር» አሉ።

ማታ ሰይድ ከሥራ ሲገባ ወሬው ቀድሞኛል። እትዬ ዘሙ ሚስጥር ይዘው ደረጃ አይወጡም። «እንዴት ነሽ ከንቲባ? ዳውንታውን እንዳይሠራ አገድሽ አሉ» አለኝ። ራቱን አቀረብኩለት።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። እኔ ግን የሀያት ለራትም ለቁርስም እንደሚበቃ አመንኩ። ትክክሏ እሷ ናት። ክሬንም ቢሆን፣ ግንብም ቢሆን፣ በዚህ ከተማ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር የለም። ሀያት ትንሿን ጣቴን በትንሿ ጣቷ ቆልፋ አስማለችኝ። ሁለተኛ ብንጠፋፋ ካለሁበት ላልነቃነቅ።

ባለፈው ከእትዬ ዘሙ ጋር ዋይትሆል አንድ ትልቅ ሱቅ ገብተን ከሀያት ጋር ተጠፋፋን። እኔ ቃሌን ጠበቅኩ። ሽንኩርቱ ጋ ቆምኩ። ልቤ እየዘለለ፣ እግሬ እየለመነኝ፣ ቆምኩ። ሽንኩርት የሚመርጥ ሰው መጥቶ ይሄዳል፣ ሀያት አትመጣም። ብጠብቅ አትመጣም። ለካ እሷም ጁሱ ጋ ቃሏን ጠብቃ ቆማለች። ሁለታችንም ትክክል፣ ሁለታችንም ብቻችንን። እትዬ ዘሙ የዕቃቸውን ሒሳብ ከፍለው ጨርሰው ሊፈልጉን ባይመለሱ ሱቁ እስኪዘጋ እዚያው ነበርን። «ምን ሆናችሁ እናንተ? ሐውልት ናችሁ?» አሉን።

እንግዲህ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ። ብሮጥ የምጠፋው እኔ ነኝ። ብቆም ደግሞ ፈላጊ የለም። እናትና ልጅ ሲጠፋፉ ማን ቆሞ ማን ነው የሚሄደው? እትዬ ዘሙን በየሄድኩበት ይዤ አልዞር። ብቻ አደራችሁን፣ «ለልጅቷ ስልክ ግዢላት» እንዳትሉኝ። እሱን ምክር ሀያት ራሷ ሰጥታኛለች።